ሁለቱ በጥቅምት ወይስ አሥሩ በየካቲት?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለው የጣርማ በር ዋሻ ተወጥቶ፣ ደብረ ሲና ታልፎ፣ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ሲያልቅ ሌላ አገር ይጀምራል። ጋቢው ይወልቃል፤ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፤ ገብሱና ባቄላው ከኋላ ቀርቶ ማሽላው፣ ማሾውና ሽንኩርቱ ይተካል። ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ የተዘረጋው የይፋት ቆላ ከዚያ ወደ ምሥራቅ እየዘቀዘቀ ሄዶ ከአፋር ሜዳ ጋር ይገናኛል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ ሲሰበሰቡ ከሚገበያዩባቸው ነገሮች አንዱና ዋነኛው የቤት እንስሳ ነው።

እኛ በዚህ መንገድ በተለያየ ወቅት ተመላልሰናል። በጥቅምት የምናያቸው ከብቶች ሻኛቸው የሞላ፣ ጠጉራቸው የሚያብረቀርቅ ነው። በየካቲት የምናያቸው ግን የጎን አጥንታቸው ከመኪና ላይ ሆኖ ሊቆጠር የሚችል ነው። የሚገርመው ወደ ገበያ የሚነዱት በብዛት በዚህኛው ጊዜ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር የከሳች ላም እየነዱ ወደ ገበያ የሚሄዱ አዛውንት አግኝተን፣ «አባቴ፣ ይህቺን ላም በጥቅምት ሳትከሳ ለምን አልሸጧትም?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ሞኝነታችን እያሳዘናቸው፣ «በጥቅምት ማን ይሸጣል ልጄ? ያኔ እኮ ሣር አለ» አሉን።

መልሱ ትክክል ይመስላል። እኛም በዚያን ዕለት አምነን ተቀብለነው ነበር። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ግን በጥቅምት መሸጥ የሚገባው ሣር ስላለ ነው የሚለውን አሳብ ለማስረዳት ነው።

ፊዚክስና ከብት ምን አገናኛቸው?

ውድ አንባብያን፣ የፊዚክስ መምህር ስለ ከብት ርቢ መጻፉ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ የግጦሽ ሜዳ ላይ የሚኖር መንጋ ማለት ጉልበት ተቀብሎ ጉልበት የሚያወጣ ሥርዓት ማለት ነው። ጉልበት ደግሞ ከምንም አይፈጠርም፤ ወደ ምንም አይጠፋም። ላሚቱ በሣር መልክ ያስገባችው ጉልበት በመጀመሪያ ሰውነቷን ለማቆየት፣ ቀጥሎም ወደ ውሃ ለመሄድ፣ ከዚያ የተረፈው ለወተት፣ ለጽንስና ለሥጋ ይውላል። የገባው ከሚያስፈልገው ሲያንስ ልዩነቱ ከገዛ ስቧና ከጡንቻዋ ይከፈላል። ክሳት ብለን የምንጠራው ይህንኑ ክፍያ ነው።

እኛ ይህን ጉዳይ ማሰብ የጀመርነው ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ነው። በሰሜን አሜሪካ ነጭ ጅራት አጋዘን የሚባል የዱር እንስሳ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። በአገራችን አጋዘን የምንላቸው፣ የደጋውም ሆነ የቆላው፣ ከቶራ ወገን የሆኑና ቀንዳቸው የማይወልቅ እንስሳት ናቸው። የሰሜን አሜሪካው ግን በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ የሚያበቅል የሌላ ቤተሰብ አባል ነው። ከዚህ ቤተሰብ በተፈጥሮው በአፍሪካ የሚገኘው በሰሜን ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ያለው ብቻ ነው።

በዚያ አገር መንግሥት በየዓመቱ በመጸው ወራት የአደን ወቅት ይከፍታል። ዓላማው ለአዳኙ ደስታ ብቻ ሳይሆን የመንጋው ቁጥር ከመኖው ጋር እንዲመጣጠንም ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች አዳኞችን ደጋግመው የሚመክሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቁጥር መቀነስ ከተፈለገ መታደን ያለባት እንስቲቱ ናት። ሁለተኛ፣ ይህ መደረግ ያለበት በወቅቱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ላይ ነው።

እንስቲቱ ለምን? ወቅቱስ ለምን ቀደመ?

የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነው። አንድ ተባዕት ብዙ እንስቶችን ማስጸነስ ስለሚችል፣ ከተባዕቶቹ ግማሹ ቢታደኑ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት የሚወለዱት ግልገሎች ቁጥር ብዙም አይለወጥም። የመንጋው የዕድገት ፍጥነት የሚወሰነው በእንስቶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በአጥር በተከለለ መሬት ውስጥ 4 እንስትና 2 ተባዕት አጋዘኖች ተለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1933 ሲቆጠሩ 160 ገደማ ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜን ይመለከታል። በመጸው መጀመሪያ የተቀነሰች እንስት ክረምቱን ሙሉ ልትበላው የነበረው መኖ ለቀሩት ይተርፋል። የዚያን ዓመት ግልገሏም በዚያን ጊዜ ጡት ጥሎ ራሱን ችሏል። ከዚህም በላይ፣ ለመጨረሻው ሳምንት የተተወ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሠራ ይቀራል። አየሩ ይከፋል፤ እንስሳቱም መሸሽ ይለምዳሉ።

ይህን ምክር ሕዝቡ በቀላሉ አልተቀበለውም። የዱር እንስሳት አያያዝ ሳይንስ አባት የሚባሉት አልዶ ሊዮፖልድ በዊስኮንሲን ግዛት እንስቶችም እንዲታደኑ በመከራከራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በተከፈተው የአደን ወቅት ምክንያት ከብዙ ሰው ቁጣ ደርሶባቸዋል። እናት የሆነችን እንስሳ መግደል ለማንም ቢሆን የሚከብድ ነውና ቁጣው የሚገባን ነው።

ይሁን እንጂ ሰው ያልቀነሰውን ተፈጥሮ ራሷ ትቀንሰዋለች፤ ያውም ሳትመርጥ። እ.ኤ.አ. በ1944 በአላስካ አቅራቢያ በምትገኘው የቅዱስ ማቴዎስ ደሴት ላይ 29 ሬይንዲር የሚባሉ የአጋዘን ዘመዶች ተለቀቁ። አዳኝ አውሬ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 ቁጥራቸው 6,000 ደረሰ። ተማሪዎቻችን ሎጋሪዝም ተጠቅመው ሊያረጋግጡት እንደሚችሉት፣ ይህ ማለት መንጋው በየዓመቱ በአማካይ 32 በመቶ ያድግ፣ በየሁለት ዓመት ተኩሉ ገደማም በእጥፍ ይጨምር ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው አንድ ከባድ ክረምት መኖው አልቆ ነበርና መንጋው ረገፈ። እ.ኤ.አ. በ1966 በሕይወት የተገኙት 42 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ተባዕቱ አንድ ብቻ ነበር።

ወደ ይፋት እንመለስ

በይፋት ቆላ በረዶ የለም። የበረዶውን ስፍራ የሚይዘው በጋው ነው። ክረምቱ በመስከረም ይወጣል፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ ቢቀና በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ይመጣል። በመካከሉ ያሉት ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት በድምሩ 150 ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት አዲስ ሣር እምብዛም አይበቅልም። ስለዚህ ጥቅምት 1 ቀን በሜዳውና በጎተራው ያለው ሣር፣ አገዳና ገለባ እንደ ባትሪ ነው። አንዴ ተሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም 6.25 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። አንድ አርቢ 10 ላሞችና 7,500 ኪሎ ግራም መኖ አለው እንበል። አሥሩ በቀን 62.5 ኪሎ ግራም ስለሚበሉ መኖው በ120 ቀናት፣ በጥር የመጨረሻ ቀን ያልቃል። የካቲት ሙሉውን ባዶ ነው።

ይህ አርቢ ጥቅምት 1 ቀን ሁለት ላሞችን ቢሸጥ የቀሩት ስምንቱ በቀን 50 ኪሎ ግራም ይበላሉ፤ መኖውም ልክ 150 ቀናት ይበቃቸዋል። ኅዳር 1 ቀን ድረስ ቢቆይስ? የቀረው 5,625 ኪሎ ግራም ለ120 ቀናት የሚበቃው ለሰባት ላሞች ስለሆነ ሦስት መሸጥ አለበት። ታኅሣሥ 1 ቀን ድረስ ቢቆይ አራት፤ ጥር 1 ቀን ድረስ ቢቆይ አምስት መሸጥ አለበት። የካቲት 1 ቀን ድረስ ቢቆይ ግን መኖው አልቋልና አሥሩንም መሸጥ ወይም ሲሞቱ ማየት ሊኖርበት ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ አሥር። የአዛውንቱን «ያኔ እኮ ሣር አለ» በዚህ ተርታ ፊት ለፊት አድርገን ብናየው፣ ሣር ያለበት ጊዜ ጥቂት በመሸጥ ብዙ ማትረፍ የሚቻልበት ብቸኛው ጊዜ ሆኖ እናገኘዋለን።

በእርግጥ ሒሳባችን ከእውነቱ የቀለለ ነው። ሣሩ እስከ የካቲት ባለበት አይቆይም፤ ይረገጣል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ፀሐይም ታደርቀዋለች። የደረቀ ሣር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ በላሚቱ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚዳከሙ ሆዷ ሞልቶ ሳለ ትራባለች። እነዚህ ሁሉ ሲታከሉ የመዘግየት ዋጋ ከላይ ካየነው ይከፋል እንጂ አይሻልም።

ፍየልም ትንሽ ናት ተብላ አትናቅ። ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳዩት፣ አንድ እንስሳ ሰውነቱን ለማቆየት የሚያስፈልገው ጉልበት ከክብደቱ 0.75 ርቢ ጋር ይመጣጠናል። በዚህ መሠረት እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 10 ፍየሎች በድምሩ አንዲት ባለ 250 ኪሎ ግራም ላም ቢያክሉም፣ የሚያስፈልጋቸው ጉልበት የላሚቱን 1.8 እጥፍ ያህላል። ፍየሎች ከሣር ይልቅ ቅጠል ስለሚመርጡ ፉክክሩ ይቀንሳል እንጂ ሒሳቡ አይቀርም።

የትኞቹ ይሸጡ?

እዚህ ላይ ከአጋዘኑ ጋር ያለንን ልዩነት ማስቀመጥ ይገባናል። የአጋዘን ጠባቂው ልደት እንዲቀንስ ስለሚፈልግ እንስቶችን ያነሣል። የይፋት አርቢ ግን ወተትና ጥጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ያው አንድ ሕግ፣ ማለትም «መንጋውን የሚያሳድገው እንስቷ ናት» የሚለው፣ ለእርሱ የሚሰጠው ትእዛዝ የተገላቢጦሽ ነው፤ የምትወልደውን እናት አስቀርቶ በጥቅምት የሚለየው ትርፍ የሆኑትን ወይፈኖችና ወጠጤዎች፣ ጥርሷ ያለቀውን አሮጊት ላምና መሲናዋን ነው። ጊዜን የሚመለከተው ሁለተኛው ምክር ግን ሳይለወጥ እንዳለ ይሠራል።

በየካቲት የምትሞተው የምትወልደው እናት ናት ብለን እናስብ። እርሷን የምትተካ ጥጃ ዛሬ ብትጸነስ እንኳ ለመወለድ 9 ወር፣ ራሷ ለመውለድ ደግሞ በአገራችን አያያዝ 4 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ለአንዲት መሲና ላም ብለን መኖ ስናባክን የምናጣው የአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ሣር ለሌለው መንጋ ቆጣሪም የተተረተ ይመስለናል።

በአገራችን ተሞክሮ ያውቃል?

ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. በደቡቡ አገራችን ድርቅ በገባበት ጊዜ በሞያሌ ወረዳ አንድ የርዳታ ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ የከብት ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሮች ጋር አገናኘ። ነጋዴዎቹም 1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል የሚያወጡ 20,000 ገደማ ከብቶችን ገዙ። በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ ለሥራው የወጣው እያንዳንዱ ብር የ41 ብር ጥቅም አስገኝቷል። ከሁሉ በላይ ትኩረታችንን የሳበው አርብቶ አደሮቹ ገንዘቡን ያዋሉበት መንገድ ነው። በአካባቢው ካወጡት ውስጥ 36.5 በመቶውን ያዋሉት ለቀሩት ከብቶቻቸው መኖና መድኃኒት ለመግዛት፣ እንዲሁም ሣር ወዳለበት ለማጓጓዝ ነበር። የተሸጡት ከብቶች የቀሩትን መገቡ ማለት ነው።

ይህ ከመሆኑ በፊት የነበረውንም አንርሳ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ረሃብ ባሳተሙት መጽሐፍ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የአገራችንን ረሃብ ሲመረምሩ አፋሮችን ያነሣሉ። አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ሞት ብቻ አልነበረም፤ የቀረው ከብት በእህል ሲመነዘር ዋጋው መውደቁም ጭምር እንጂ። በአዋሽ ሸለቆ የበጋ ግጦሹ በሰፋፊ እርሻዎች መወሰዱም ሌላው ምክንያት ነበር። ዛሬ ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በዚያው ሸለቆ ሰፊ ግጦሽ ሸፍኗል። ባትሪው ራሱ እየጠበበ ነው።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ሁሉም በጥቅምት ቢሸጥ ዋጋው አይወድቅም ወይ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በጥቅምት የሚሸጡት ከአሥር ሁለቱ፣ ያውም ያልከሱት ናቸው፤ በየካቲት የሚሸጡት ግን ሁሉም፣ ያውም የከሱት ናቸው። ገበያውን አብዝቶ የሚያጨናንቀው የኋለኛው ነው። በተጨማሪም ይፋት እንደ ሞያሌ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ መንገድ በመካከሉ ያልፋል። ሰላምና መንገድ እስካለ ድረስ ነጋዴ አይጠፋም።

ሁለተኛው «የገና ዋጋ ይሻላል» የሚል ነው። ሊሻል ይችላል። ሆኖም ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 29 ያሉት 88 ቀናት ናቸው፤ ላሚቱም በእነዚህ ቀናት 550 ኪሎ ግራም መኖ ትበላለች። የገናው ጭማሪ ከ550 ኪሎ ግራም መኖ የሚበልጥ ከሆነ ይቆይ፤ የሚያንስ ከሆነ ግን በዓሉ የሚከበረው በቀሩት ላሞች ኪሳራ ነው። ለድለባ በቂ መኖ ያለው ሰው ጉዳይ የተለየ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ «ብር ይረክሳል፣ ከብት ግን ይወልዳል» የሚለው ነው። አርቢው ከብት ማብዛቱ ከድንቁርና የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ባንክ በራቀበትና የገንዘብ ዋጋ በሚዋዥቅበት አገር ከብት ባንክም፣ መድንም፣ ጥሎሽም ነው። ከድርቅ በኋላ ብዙ የቀሩለት ቶሎ እንደሚያገግምም አርቢው ያውቃል። እኛም የምንለው ብሩ ተቋጥሮ ይቀመጥ አይደለም። ማሽላ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ ይረክሳልና እህል ይገዛበት፤ አገዳና ድርቆሽ ይገዛበት፤ ክትባት ይከፈልበት። መሲናዋ ላም ወደ ጎተራ ትግባ ነው የምንለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ውሳኔው የአርቢው ነው። መረጃው ግን የሁላችንም ኃላፊነት ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ለዓይናችን የማይታየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ግን በብዛት ያንጸባርቃል። ሳተላይቶች የሁለቱን ልዩነት በመለካት በአንድ ቀበሌ ያለውን የልምላሜ መጠን ማስላት ይችላሉ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና ለከብት መድን ውሏል። ይኸው ልኬት በመስከረም መጨረሻ ተተርጉሞ፣ «ዘንድሮ ያለው ሣር ለዚህን ያህል ቀን ይበቃል» ተብሎ በሬዲዮና በገበያ ቢነገር፣ ጥቅምት ሳያልፍ መወሰን ይቻላል። በየገበያው ሚዛን ቢቆም ደግሞ የወፈረ ከብት በጊዜ ያመጣ ሰው ስንት ኪሎ እንዳተረፈ በዓይኑ ያያል።

ለተማሪዎቻችንም አንድ የቤት ሥራ እንተዋለን። ከቆላ የመጣችሁ ሁሉ በመስከረም ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የቤተሰባችሁን ከብቶች ቁጠሩ፤ ያለውን ድርቆሽና አገዳ ገምቱ፤ በቀን 6.25 ኪሎ ግራም እያባዛችሁ መኖው የሚያልቅበትን ቀን አስሉ። የተገኘው ቀን ከየካቲት 30 በፊት ከሆነ ውጤቱን ለአባታችሁ ንገሩ። በመጀመሪያ ሊቆጣችሁ ይችላል። የቁጥሩን አመጣጥ ግን ረጋ ብላችሁ አሳዩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን እርሱ ከእናንተ በፊት ያውቀዋል፤ እናንተ የምትጨምሩለት ቀኑን ብቻ ነው።

እኚያን አዛውንት ዳግመኛ ብናገኛቸው የምንነግራቸው ይህንኑ ነው። ልክ ነዎት አባቴ፣ በጥቅምት ሣር አለ። ያንን ሣር ማን ይብላው የሚለውን መምረጥ የሚቻለውም ያኔ ብቻ ነው።